የወፏ አንገት

በብርድ ልብስ ፋብሪካው የሽመና አዳራሽ ጥግ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። በሯ ወደ አዳራሹ ይከፈታል፤ መስኮቷ ከጣሪያው ሥር ተወሽቃ መዳፍ የምታክል ሰማይ ታሳያለች። በዚያች ክፍል ውስጥ አንድ ያረጀ ኮምፒውተርና ለማርጀት የተቃረበች አንዲት ሴት ይኖሩ ነበር። ይኖሩ ነበር ማለት ማጋነን አይደለም። የትኛው የትኛውን እንደሚጠብቅ ለእንግዳ ሰው መለየት ያስቸግረው ነበር።

ሸማኔዎቹ ሴትዮዋን «የወፏ እናት» ይሏታል። ፋብሪካው የታወቀው መሐሉ ላይ አንገተ ረጅም ወፍ በቆመችበት ብርድ ልብስ ነው፤ ሙሽራ ይተኛበታል፣ በሽተኛ ያገግምበታል፣ ሕፃን ይታቀፍበታል። ያቺን ወፍ የሣለቻት እሷ ነች። የሣለቻት በእርሳስ አይደለም፣ በነጥብ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ክር ነው። መወርወሪያው ባለፈ ቁጥር ኮምፒውተሩ ለሽመና ማሽኑ ይህን ክር አንሣ፣ ያንን ተወው እያለ ይነግረዋል። ማሽኑም እየጮኸ ይታዘዛል። እንዲህ ሲባባሉ ውለው ከድርና ከማግ መካከል መጀመሪያ እግር፣ ቀጥሎ ክንፍ፣ በመጨረሻ ምንቃር ብቅ ይላል። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ብርሃን የነበረው ነገር ወጥቶ ሰው ሲያሞቅ ማየት፣ ልብ ላለው፣ ሁልጊዜ አዲስ ነው።

ኮምፒውተሩ ግን ፈጽሞ አይዘጋም ነበር። ውስጡ ያለው ሃርድ ዲስክ አርጅቷል፤ እየዞረ እስካለ ድረስ ይዞራል፣ አንዴ ከቆመ ግን እንደገና መነሣቱን እንጃ። ድሮ አንድ ጊዜ ቆሞባት፣ ለማስነሣት ቀኑን ሙሉ ስታባብለው ውላ፣ ከዚያ ወዲህ ማጥፊያውን በፕላስተር አሽጋ አስቀርታዋለች። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በአሮጌ የጭነት መኪና ባትሪዎች ይሠራል። ባትሪዎቹን የምታየው እሷ ናት፤ ማራገቢያውን የምትጠርገው እሷ ናት፤ ማራገቢያው ጉሮሮውን ሲያመው ከድምፁ የምታውቅለትም እሷ ናት። የምትኖረው ከፋብሪካው በር ማዶ ባለች አንዲት የኪራይ ቤት ነው። መብራት ጠፍቶ ሰፈሩ ሲጨልም ሌላው ሰው ሻማ ይፈልጋል፤ እሷ ጫማዋን ትፈልጋለች። እናቷ የተቀበሩ ለት እንኳ የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ ነው ወደ ክፍሏ የተመለሰችው።

ተተኪ አልተላከላትም ማለት አይደለም። መጥተው ነበር፤ ኮምፒውተር የተማሩ፣ ቀልጣፋ ልጆች። ሁሉንም በትዕግሥት አሳየቻቸው። ነገር ግን እነሱ የሣሉት አበባ ጨርቁ ላይ ሲደርስ መሐል ወገቡ ይቆረጣል፤ የሣሉት ዓሣ ጭራው ከጎረቤት ሄዶ ይገኛል። የእሷ ወፍ ግን ቀጥ ብላ ትወጣለች። ልጆቹ አንድ በአንድ ተስፋ ቆርጠው ሄዱ፤ ሸማኔዎቹም ማሽኑ የሚወደው እሷን ነው አሉ።  መወደድን ማን ይጠላል?

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ በሸማኔዎቹ አፍ «አቶ ነገ» ነው። ፈቃድ ስትጠይቀው ፊቱ በርኅራኄ ይሞላል፤ ወንበር ይስብላታል፤ እውነቷን መሆኑን፣ እሱም ቢሆን በእሷ ቦታ ቢሆን እንደሚከፋው ይነግራታል፤ ከዚያ ነገ እንነጋገርበታለን ይላል። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆንማ ተጣልታው ትገላገል ነበር። ደግ ሰው የዘጋው በር ለመስበር አይመችም።

ታላቅ እህቷ ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው፤ አውቶቡስ ማልዶ ተነሥቶ አመሻሽ ላይ የሚደርስበት። እህትየው አሳድጋታለች፤ ፀጉሯን ሠርታ፣ ፊደል አስቆጥራ፣ ዛሬም ድረስ «ሚጡ» እያለች ነው የምትጠራት። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ደወለችላት። መጀመሪያ ስለ ጎረቤቶቿ አወራች፤ ምን የመሰሉ ሰዎች እንደሆኑ፣ አሁን ግን ሰላምታ ነሥታናለች ብለው እንዳኮረፏት። ሳቀች። ከዚያ ሳቋ አለቀ።

«ሚጡ፣ ዓይኔ መሐሉ ጠፋ።»

«እንዴት ነው መሐሉ የሚጠፋው?»

«ፊት ለፊት የማየው ጭጋግ ሆነ። ዳር ዳሩ ብቻ ነው የቀረኝ። ሐኪሙ ዳሩም እየጠበበ ይሄዳል ነው የሚለው። እንግዲህ ጭራሽ ሳይጨልም ፊትሽን ልየው። ሌላ ምንም አላስቸግርሽም። መጥተሽ ከኔ ጋ ተቀመጪ።»

የወፏ እናት እሺ አለች። ስልኩን ዘግታ ወደ አቶ ነገ ሄደች። አቶ ነገ ወንበር ሳበላት፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ። ወፏን በማን እጅ ጥለሽ ትሄጃለሽ? ብሎ ጠየቃት።  ተመልሳ ክፍሏ ገባች፤ ማራገቢያው እንደ ወትሮው ያጉረመርማል፣ ከላይ መዳፍ የምታክለው ሰማይ አለች። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ግድግዳዎቹን እየዞረች በእጇ ነካቻቸው፤ የት ጋ እንደሚያልቁ እንደማያውቅ ሰው።

ለኮምፒውተሩ መለዋወጫ የምታገኘው ከውዳቂ ብረት ግቢ ነበር። በዕረፍት ቀኗ ጠዋት እየሄደች በተገለበጡ ማቀዝቀዣዎችና በተጨራመቱ መኪናዎች መካከል ትፈልጋለች፤ አንድ ማራገቢያ፣ አንድ ገመድ፣ የኪቦርድ ቁልፍ። ከስልኩ በኋላ በነበረው የዕረፍት ቀን ከአንድ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ሥር የራሷን ኮምፒውተር የሚመስል ቀፎ አየች። ጎትታ ስታወጣው በሌላኛው ጫፍ ሌላ እጅ ይዞታል። ቀና አለች። ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ጉልበቱ ላይ ግን ጭቃ የያዘ ጎልማሳ ነው።

«ይቅርታ እትዬ፣ ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ።»

«ማየትማ ሁሉም ያያል። ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ለመሆኑ ምን ያደርግልዎታል?»

«ወንድሙ ታሞብኛል።»

ሰውየው ሊስቅ ጀምሮ አቋረጠው። እጁንም ከቀፎው ላይ አነሣ።

«ወንድሙ በሕይወት አለ?»

«አለ እንጂ። ይሄኔ ሥራ ላይ ነው።»

የጥርስ ሐኪም ነበር። ቀን የሰው ጥርስ ይሞላል፣ ይነቅላል፤ ቤቱ ሲገባ ደግሞ ያረጁ ኮምፒውተሮችን ይሰበስባል። ከትምህርት ቤት መጋዘን፣ ከመሥሪያ ቤት ምድር ቤት፣ ከሟቾች ቁም ሣጥን አናት ላይ እየለቀመ ቤቱን ሞልቶታል። የዛገውን በጥርስ ብሩሽ ይፈገፍጋል፤ ያፈሰሰ ባትሪ የበላውን ሰሌዳ በመርፌው ጫፍ ያክማል፤ እጅ የማይገባበትን ሥርቻ አፍ በሚያይባት ትንሽ መስታወቱ ያያል። ዲስኬቶቹን ሻጋታ ሳይበላቸው እያጠበ ይገለብጣል፤ ሰዎች ከሠላሳ ዓመት በፊት የጻፉት ደብዳቤ፣ የተጫወቱት ጨዋታ፣ ያሰሉት ሒሳብ ሁሉ በእጁ ነው። ሚስቱ በሙያህ ያልሞላኸው ቀዳዳ ቢኖር የቤታችን ጣሪያ ብቻ ነው እያለች ትሸነቁጠዋለች። ይህን ሁሉ ቀፎው በመሐላቸው ሆኖ ቆመው ሳሉ ነገራት።

በማግስቱ ሐኪሙ ወደ ፋብሪካው መጣ። ከሽመና ማሽኖቹ ጩኸት መካከል አልፎ ጠባቧ ክፍል ገባና ከኮምፒውተሩ ፊት ቆመ። ኮምፒውተሩ ለማሽኑ እያወራ ነበር፤ ወፏ ውጪ ክንፍ እያበቀለች ነው።

«የኔዎቹን አስነሣቸዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «ይነሣሉ። ግን ተነሥተው የሚሄዱበት የላቸውም። ስክሪኑ ላይ ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች፣ እኔን ታያለች፣ እኔም አያታለሁ። የሚሠራ አይቼ አላውቅም።»

የተስማሙት በዚያው ቀን ነው። ሐኪሙ ቤት ውስጥ የዚህኑ ኮምፒውተር መንትያ አክሞ፣ ጤነኛ አድርጎ አስቀምጦታል። እሱን ለፋብሪካው ይሰጣል፤ ሽማግሌውን ኮምፒውተር ደግሞ ወደ ቤቱ ወስዶ በክብር ያኖረዋል። ጤነኛው ሲበራም ሲጠፋም አያስቸግርም፤ ማንም ሰው ጠዋት ይከፍተዋል፣ ማታ ይዘጋዋል። ማንም ሰው! የወፏ እናት ይህችን ቃል ቀኑን ሙሉ በአፏ እንደ ከረሜላ አዞረቻት። አቶ ነገም ነገሩ ወጪ እንደሌለው ካረጋገጠ በኋላ፣ አዲሱ በትክክል ከሠራ መሄድ እንደምትችል በሸማኔዎቹ ፊት ተናገረ። ነገ አላለም። ሸማኔዎቹ ለዚህ ምስክር ሆኑ።

በቀጠሮው ቀን ፕላስተሩን የላጠችው እሷ ናት። ማጥፊያውን ተጫነችው። ማራገቢያው እየደከመ፣ እየደከመ ሄዶ ቆመ።

ያ ክፍል ዝም ብሎ አያውቅም ነበር። ዝምታው ከግድግዳው ውስጥ የወጣ ይመስል ነበር። ዋናው ሸማኔ፣ ጆሮውን ማሽን የበላው፣ ሲናገር ሁሉ የሚጮኽ ሰው፣ ከአዳራሹ ብቅ ብሎ ምን ሆነ ብሎ ጠየቀ። እሱ እንኳ ሰምቶታል።

ሐኪሙ ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ በራሱ መሣሪያ ላይ ሰካው። አልዞረም። የወፏ እናት እንደምታውቀው፣ እንደፈራችው፣ አልዞረም። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አዳመጠው፤ ከዚያ በመዳፉ ያዘውና የእጁን አንጓ ቁልፍ እንደሚያዞር ሰው ፈጠን አድርጎ ጠመዘዘው። አንዴ። ሁለቴ። ከውስጥ እንቅልፍ የጠገበ ሰው እንደሚያሰማው ዓይነት ማጉረምረም ተሰማ፤ ተነሣ። የሥዕሎቿ ሁሉ ግልባጭ በዲስኬት ወጥቶ እስኪያልቅ ድረስ ተንፍሰው የሚያውቁ አልመሰሉም። እንዳለቀ ዲስኩ አንድ ጊዜ ጥርሱን አፋጭቶ ቆመ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ጠምዝዞ አላስነሣውም። አደራውን አስረክቦ እንደሞተ ሰው ነበር። ሐኪሙ በጨርቅ ጠቀለለው።

አዲሱ ኮምፒውተር ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ፤ ሽማግሌው በሐኪሙ መኪና ተጭኖ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት ዋናው ሸማኔ ድሩን ወጠረ። የወፏ እናት ቤቷ ውስጥ ሻንጣዋን አዘጋጅታ ነበር የመጣችው። ሽመናው ተጀመረ፤ እግር ወጣ፣ ሆድ ወጣ፣ ክንፍ ወጣ። ሸማኔዎቹ አጨበጨቡ። ከዚያ ማሽኑ አንገቷ ጋ ደረሰ።

አንገቷ ተሰብሮ ወጣ። ከትከሻዋ እስከ ራሷ ያለው ተቆርጦ፣ የእጅ ስፋት ያህል ወደ ግራ ሸርተት ብሎ፣ ራሷ ደግሞ ብቻውን ከላይ ቦታው ላይ ተሰቅሏል። ማሽኑ ምንም እንዳላጠፋ ነገር እየጮኸ ቀጠለ፤ የምትቀጥለውንም ወፍ፣ ከእሷ የምትቀጥለውንም እንዲሁ ገደላቸው። ዋናው ሸማኔ ማሽኑን አቆመ። ሁሉም ዞረው እሷን አዩ።

እሷ ግን ጨርቁን ነበር የምታየው። ያችን የተሰበረች ወፍ ታውቃታለች። ስክሪኑ ላይ ስታያት የኖረችው እሷኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት ኮምፒውተሩ ከሽመና ማሽኑ ጋር የሚነጋገርበት ካርድ ታመመ። ታሞ አልሞተም፣ ማነከስ ጀመረ። ከሥዕሉ መሐል ያለውን አንድ ቁራጭ አዘግይቶ ይልከዋል፤ ያ ቁራጭ ጨርቁ ላይ ወደ ቀኝ ይንሸራተታል። ምትክ ካርድ ተፈልጎ ጠፋ። እሷም አንድ ጠዋት ቁጭ ብላ ያንኑ ቁራጭ ስክሪኑ ላይ ሆን ብላ ወደ ግራ ሳበችው። እሷ ወደ ግራ የሳበችውን ማሽኑ ወደ ቀኝ ሲገፋው አንገቷ መሐል ላይ ተገናኘ፤ ወፏ ቀጥ አለች። የዚያን ቀን ደስታዋ! ለማንም ግን አልተናገረችም። አንካሳ መሆኑ ከታወቀ ይጣላል፣ እሱ ከተጣለ እኔስ ብላ ፈራች። ካርዱ እየባሰበት ሲሄድ እሷም እየጨመረች ሳበች። ስክሪኑ ትንሽ ስለሆነ ወፏን በቁራጭ ነው እንጂ ሙሉዋን አያሳይም፤ ዓይኗም ከዓመት ዓመት ለመደውና በመጨረሻ ስብራቱን ማየት ተወች። ለረጅም ዘመን ያነከሰ ሰው መንገዱ ያዘነበለ ይመስለዋል። እነዚያ ልጆችም ደህና አድርገው ነበር የሣሉት፤ ቀጥ አድርገው ስለሣሉ ነው የተጣመባቸው።

አሁን ማሽኑ ዳነ። ጤነኛ በሆነ ማሽን ላይ የእሷ ሥዕሎች ሁሉ ስብራት ናቸው።

ሐኪሙ ዘንድ እየሮጠች ሄደች። ተራ ጠባቂዎቹን አልፋ፣ አንድ ሰው አፉን ከፍቶ ተቀምጦ ሳለ በር ላይ ቆማ የድሮውን ካርድ እንዲመልስላት ለመነችው። አንካሳውን ካርድ ጤነኛው ውስጥ ብንሰካው እኮ ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ይሆናል! ሐኪሙ ጭምብሉን ዝቅ አደረገ። ፊቱ ላይ ስጦታ የደበቀ ሰው ፈገግታ ነበር።

«እትዬ፣ ላስደስትዎት ብዬ ነበር የደበቅሁት። ካርዱን እኮ አዳንኩት። ትላንት ስሠራበት አመሸሁ። አንዲት ቅንጣት ዝገት ናት ያን ሁሉ ዘመን ያስነከሰችው።»

አፉን የከፈተው ሰውዬ ከአንዱ ወደ አንዱ ያያል።  ያ አንካሳነት ከዓለም ላይ ጠፍቷል። የቀረው በእሷ ሥዕሎች ውስጥ ብቻ ነው፤ የሞተ ሰው ጫማ ውስጥ የእግሩ ቅርጽ እንደሚቀር።

የሚቀጥለው ሳምንት ከእስር የከፋ ነበር። አቶ ነገ ወንበር ስቦ፣ እንግዲህ ወፏን ሳታስተካክዪ እንዴት ትሄጃለሽ አላት፤ እሷም ትክክሉን እንደተናገረ ታውቃለች። ሐኪሙ ሁሉንም ሥዕል በአንድ ጊዜ ወደ ቀኝ የሚመልስ አጭር ፕሮግራም ጻፈ። አልሠራም። ካርዱ እየባሰ ስለሄደ አንዱ ሥዕል ጥቂት ነው የተሳበው፣ ሌላው ብዙ፤ ከበሽታው በፊት የተሣሉት ደግሞ ጭራሽ አልተነኩም፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ የተጻፈበት ቦታ የለም። አንድ በአንድ በዓይን ማየት ነው። የዲስኬቶቹ ሳጥን ከወለሉ እስከ ጠረጴዛው ይደርሳል። ቁጭ አለች። አንዲቱን ዓሣ አስተካክላ ቀና ስትል መዳፍ የምታክለው ሰማይ ቀለሟን ለውጣለች። እህቷ ደወለችና ስለ ዓይኗ ምንም አላነሣችም፤ ሻይ ስትቀዳ ከኩባያው ውጪ እንዳፈሰሰችው ብቻ እንደ ቀልድ አወራች።

ዋናው ሸማኔ የተሰበረ ወፍ ከማሽኑ ላይ እየቆረጠ ሲጥል ከርሞ አንድ ቀን ብስጭት ብሎ ክፍሏ ገባ። ሐኪሙም እዚያው ነበር።

«ሬዲዮዬ ጣቢያው ሲሸሽበት አዞረዋለሁ፣ እስኪመለስ!» ብሎ ጮኸ፤ ቁጣ አይደለም፣ አነጋገሩ ነው። «ይሄስ መዞሪያ የለውም? አንገቷ እስኪገጥም ባዞረውስ?»

የወፏ እናት የለውም ልትል ጀምራ ወደ ሐኪሙ ዞረች። ሐኪሙ የመጣበትን ነገር ቀድሞ አውቆት ከወንበሩ ተነሣ።

«ጤነኛውን ማሽን እንደገና አስነክሰው ልትሉኝ ነው?»

«ሲፈለግ እንዲያነክስ ነው» አለችው። «ሳይፈለግ ቀጥ ብሎ ይሂድ።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ጤነኛ ጥርስ ነቅዬ አላውቅም።»

«ማን ንቀል አለህ? ትንሽ ይነቃነቅ ነው ያልንህ።»

ሳቀ፤ ግን እየከፋው ነው የሳቀው። ሁለት ቀን ከክፍሉ ጠፋ፤ ሲመለስ በእጁ ትንሽ ሣጥን ይዟል። ላይዋ ላይ ከድሮ የጥርስ መሰርሰሪያ የተፈታ ክብ መዞሪያ አለ። ሣጥኗ በኮምፒውተሩና በሽመና ማሽኑ መካከል ትገባለች፤ መዞሪያው ሲዞር ያን የሥዕል ቁራጭ ታዘገየዋለች፣ ብዙ ሲዞር ብዙ፣ ጥቂት ሲዞር ጥቂት። ዳር ላይ ሲተኛ ምንም አታደርግም። አንካሳነትን አክሞ የገደለው ሰው አንካሳነትን በገዛ እጁ ሠርቶ አመጣ።

ገመዱን ሊዘረጋ ተንበርክኮ ሳለ ቀና ብሎ ጠየቃት።

«የት ልትከላት? እዚህ ከእርስዎ ጋር ነው ወይስ እዚያ ከማሽኑ ጋር?»

ቀላል ጥያቄ ነበር። የወፏ እናት ግን ሁለቱንም ቦታ በዓይኗ ለካች። እዚህ ከሆነች መዞሪያዋን የምታዞረው እሷ ናት፤ ሸማኔዎቹ ጨርቁን ይዘው ይመጣሉ፣ እሷ አይታ ታዞራለች፣ ማሽኑ አሁንም የሚወደው እሷን ይሆናል። አንድ ወር ብቻ፣ አንድ ክረምት ብቻ፣ አቶ ነገ እስኪረጋጋ ብቻ። ያን ሁሉ ዘመን ይህን በር የዘጋው ማን እንደነበረ የገባት እዚያ ቆማ ነው። አቶ ነገ የክፍሏ ቁልፍ እንኳ የለውም። ቁልፉ በእሷ አንገት ላይ ነው የተንጠለጠለው።

«እዚያ» አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ስለወጣ ደገመችው። «እዚያ፣ ሁሉም እጅ የሚደርስበት ቦታ።»

ሣጥኗ የሽመና ማሽኑ ጎን ላይ ተበየደች። ዋናው ሸማኔ የወፏ አንገት ጋ ሲደርስ ጨርቁ ላይ ዓይኑን ተክሎ ቀስ እያለ አዞረ። አንገቷ ከግራ ተነሥቶ በየመስመሩ ወደ ቦታው ተጠጋ፤ አለፈ፤ ትንሽ መለሰው። ገጠመ። የምትቀጥለው ወፍ ከእግሯ እስከ ምንቃሯ ቀጥ ብላ ወጣች። ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ሰው፣ ስክሪን አይቶ የማያውቅ ሰው፣ የሚያውቀውን ጨርቅ ብቻ አይቶ አደረገው። የወፏ እናት ክፍሏ በር ላይ ቆማ ነበር። ማንም አልጠራትም። ነፃ መውጣት እንዲህ ስድብ የሚመስል ነገር መሆኑን አታውቅም ነበር።

ዋናው ሸማኔ አንገቱን አቅንቶ መዞሪያዋን በእጁ ሸፈነ። ሌላው ሸማኔ ልሞክረው ቢለው አንተ አታውቅበትም፣ ይህ የጆሮ ሳይሆን የዓይን ነው፣ ዓይን ደግሞ የኔ ነው ብሎ ገፋው። የወፏ እናት ይህን አየች። ፊቱ ላይ ያለውን ኩራት ታውቀዋለች፤ እሷም አንድ ጠዋት ለብሳው ነበር፣ ሳታወልቀው ነው ይህ ሁሉ ዘመን የሄደው። ወደ ማሽኑ ሄደች። እጁን ከመዞሪያዋ ላይ አነሣች።

«አንተ ብቻ እንዳታውቀው» ብላ በጆሮው ጮኸችበት። «ይቀብርሃል።»

የዚያን ቀን ተሳፍራ መሄድ ትችል ነበር። አልሄደችም። አውቶቡሱ ያለ እሷ ተነሣ፤ እሷ ሸማኔዎቹን በሙሉ፣ ጠራጊዋ ሳትቀር፣ ተራ በተራ መዞሪያዋ ጋ አስቆመቻቸው። አንዱ ወፏን ቀጭኔ አደረጋት፣ ሌላዋ ጎባጣ፤ ሳቁ ከማሽኖቹ ጩኸት በላይ ሆነ። ሁሉም አንድ አንድ ቀጥ ያለች ወፍ እስኪያወጡ ድረስ አልለቀቀቻቸውም። አቶ ነገ ሁካታውን ሰምቶ ወረደ። ጨርቁን አየ፣ ዳሰሰው፣ ደስ አለው፤ እሷን ሲያይ ግን ከልማዱ ወንበር ፈለገ። ነገ እንግዲህ ማለት ሲጀምር ዋናው ሸማኔ አቋረጠው።

«ነገማ እሷ የለችም!»

ሐኪሙን የተሰናበተችው አዳራሹ በር ላይ ነው። ሽማግሌውን ኮምፒውተር መጥታ እንድታየው ጋበዛት፤ ዲስኩ በድን ቢሆንም ሰውነቱ እንደ አዲስ እንደሚያበራ ነገራት። ሌላ እንዲህ የሠራ ማሽን ካገኘ ከማዳኑ በፊት በምን በኩል እንደሚያነክስ እንዲጠይቅ አደራ አለችው። ሐኪሙ ይህን እንደ ቀልድ አልወሰደውም። ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ በሩ ላይ ሰክታ ተወችው፤ በሩን ደግሞ ባዶ በሆነ የዲስኬት ሳጥን ደግፋ ከፈተችው።

እህቷ ቤት ስትደርስ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። እህትየው ደጃፏ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣለች፤ ትከሻዋ ላይ ወፏ ያለችበት ብርድ ልብስ ጣል ተደርጓል። የወፏ እናት ሻንጣዋን አስቀምጣ ፊት ለፊቷ ቆመች። እህቷ ግን ፊቷን አዙራ ግድግዳውን አየች።

ጎረቤቶቿ ሰላምታ ነሣችን ያሏት ለካ ይህንን ነው።

«ሚጡ? እንዳትቀየሚኝ» አለች እህትየው፣ አሁንም ወደ ግድግዳው እያየች። «አንቺን ለማየት ወደዚያ ማየት አለብኝ። ፊት ለፊት ካየሁሽማ ትጠፊብኛለሽ።»

ሌላ ሰው ቢሆን አልቅሶ አንገቷ ላይ ይጠመጠም ነበር። የወፏ እናት አልተጠመጠመችም። ያን ሁሉ ዓመት የሠራችው ሥራ ይህ ነው፤ መሐሉ እንዲገጥም ምን ያህል ሸርተት ማለት እንደሚያስፈልግ ከዓለም ሰው ሁሉ አብልጣ የምታውቅ እሷ ናት። የእህቷን አገጭ በሁለት ጣቷ ያዘችና ቀስ እያለች አዞረችው። ጥቂት ወደ ግራ። አለፈ። ትንሽ መለሰችው።

«ቆይ፣ መጣሽ» አለች እህትየው። የቀረው የዓይኗ ዳር በሚጡ ፊት ላይ ረጅም ጊዜ ዞረ። «አርጅተሻል።»

«አርጅቻለሁ።»

«አንገትሽ ምን ሆነ? ወዳንድ በኩል ያዘነበለ ይመስላል።»

የወፏ እናት አንገቷን ነካች። ያዘነበለው ድሮ ስክሪኑ በነበረበት በኩል ነበር። ልታቀናው ሞከረች፤ እህቷ ግን እጇን ዘርግታ ያዘቻት።

«ተይው፣ እንደሱ ሆኖ ነው የሚታየኝ። እዚያው ሁኚ።»

እዚያው ሆነች።